አንኮበር ላይ የምታንጠባጥብ ሞተር

ድሬዳዋ ላይ ከመንገድ የተመለሰ ሰው ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ ምን ይዘህ መጣህ፣ እዚያስ ሙቀቱ እንዴት ነው። እኔ ይዤ የመጣሁት ነገር የለም፤ ሙቀትም አላገኘሁም። ለእያንዳንዱ ጎረቤት ከመጀመሪያው እያስረዳሁ ጉሮሮዬ ስለደረቀ ይህን ጽፌ አስቀምጫለሁ። ሰሜን ሸዋን አይቶ የማያውቅና የመሄድ ሐሳብም የሌለው ሰው፣ ማለትም አብዛኛው የሰፈሬ ሰው፣ ሳይበርደው ያነበዋል።

ስሜ አብዱ ነው፤ ሥራዬ ቧንቧ መግጠምና መጠገን ነው። ከተማው ውስጥ የሚያንጠባጥብ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ይህኛው ግን የሚያንጠባጥበው ቤንዚን ነበር፤ ያለውም አንኮበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሰይድ ከአንኮበር በታች ያለችው የአሊዩ አምባ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከአሊዩ አምባ ወደ ደብረ ብርሃን ጨርቅ እያመላለሰ ይነግድ ነበር፤ የሚያመላልስባትም አንዲት እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ነበረችው። እኔ ሳልወለድ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ አገሩን ለቆ ድሬዳዋ ገባ። ሊሄድ ሲል ሞተሯን አንኮበር ወዳለው ወዳጁ ቤት ወሰዳት። ወዳጁ መሪጌታ ክንፈ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ቆመው ነበርና አልተገናኙም። ቤቱም ሰው ስላልነበረበት አባቴ ሞተሯን ግድግዳው ሥር አቁሟት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ስልክ ከመጣ በኋላ ግን በዓል በደረሰ ቁጥር፣ የእኛም ሆነ የእነሱ፣ ይደዋወላሉ።

ከጥቂት ወራት በፊት መሪጌታ ለአባቴ መደወሉን ትተው ለእኔ ደወሉ።

«አደራችሁ ማንጠባጠብ ጀምራለች» አሉኝ። «የእኔም ዕድሜ ገፍቷል። የሰው ዕቃ ይዤ መሞት አልፈልግም። መጥተህ ውሰዳት። ስትሄድ ግን እንደመጣችው ሆና፣ እየሠራች ነው የምትሄደው።»

አባቴ እግሩን ካመመው ወዲህ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው። ከተቀመጠበት ደስ ብሎት የሚያስነሳው ነገር ጠፍቷል። ሞተሯን ሳይጠብቃት በር ላይ ባቆምለት ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ማየት ፈለግኩ። ስለዚህ ደብረ ብርሃን የሆቴል ቧንቧ ልገጥም ነው ብዬው ተነሳሁ። እህቴ ፋጡማ ብቻ ናት እውነቱን የምታውቀው።

የመጀመሪያው ቀን፦ እስከ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። የለበስኩት ጃኬት የጎረቤት ነው። አንድ ጊዜ ለሕክምና አዲስ አበባ ሲሄድ የገዛው ነው። ሰፈራችን ውስጥ ያለው ጃኬት እሱ ብቻ ስለሆነ ደጋ የሚሄድ ሁሉ እሱን ተውሶ ይሄዳል፤ ኪሱ ውስጥ የሌሎች ሰዎችን የአውቶቡስ ትኬት አገኘሁ።

በቦርሳዬ የያዝኩት ለመሪጌታ ቤት ሀልዋ፣ ለሞተሯ ደግሞ አንድ ፌስታል ጎሚኒ ነው። ጎሚኒ የምንለው ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ውሃ የሚይዘውን የላስቲክ ቀለበት ነው። በየመጠኑ ይዣለሁ። በእኔ ግምት የውሃም ሆነ የቤንዚን፣ መክፈቻ መክፈቻ ነው፤ የሚያንጠባጥበው ጎሚኒው ሲያረጅ ነው፣ ጎሚኒ ይቀየራል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። አዋሽ እስክንደርስ በዚህ ሐሳብ ተዝናንቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝና አንኮበር ስላቸው ጃኬቴን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ሌላ እንዳለኝ ጠየቁኝ። የለኝም አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በሐዘኔታ ነው የሚያዩኝ። እዚያው መናኸሪያ አካባቢ አደርኩ፤ ስለ አዳሩ የሚነገር ነገር የለም።

ሁለተኛው ቀን፦ ደብረ ብርሃን

ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሬ ደብረ ብርሃን ስወርድ ቀትር ነበር። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ግን ለመታየት ያህል ነው እንጂ ሥራ አልያዘችም። ድሬዳዋ በዚህ ሰዓት ሰው ጥላ ሥር ገብቶ ጫቱን ያሰናዳል፤ እዚህ ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ በፀሐይ መሐል ቆሞ ወሬ ያወራል። ጥላ ሥር የቆመ አንድም ሰው አላየሁም። ጥላው ባዶውን ቀርቷል።

የያዝኩት አልጋ ቤት አስተናጋጇ «ሙቅ ውሃ አለ» አለችኝ። ነበር፤ ከቧንቧው መውጣት ነው ያቃተው። ፌስታሌን አውጥቼ ሠራሁት። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ይህን ሲሰሙ በሌሎቹ ክፍሎችም እየመሩ አዞሩኝ፤ ሲመሽ እንግዳ መሆኔ ቀርቶ ቀን ሠራተኛ ሆኜ አረፍኩት። ሙስሊም መሆኔን ሲያውቁ ልጃቸውን ልከው ከሙስሊም ምግብ ቤት ትኩስ ፍርፍር አስመጡልኝ። በላዩ ሁለት ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚሠራባት ከተማ ናት፤ ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ማታ ገባኝ።

ከዚያ በፊት ግን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስለ ሞተሯ ሰው ላማክር ወጣሁ። ማደያው ጋ ሰልፉ ጥግ የለውም። ከመንገዱ ዳር ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ይዘው የቆሙ ነበሩ፤ የአንዱ ቢጫ፣ የሌላው ቀይ፣ የሦስተኛው ደግሞ ቀለሙ ምን እንደሆነ ባለቤቱም አያውቅም። ሰው ጠይቄ ከመናኸሪያው ጀርባ ደረጀ የሚባል የውሃ መሳቢያ ሞተር ጠጋኝ ዘንድ ደረስኩ። ደረጀ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ነው፤ ከነቤተሰቡ እዚያው የተፈናቃዮች መጠለያ ይኖራል።

«እንግሊዝ ሠራሽ ናት?» አለኝ። «እንግዲያው ቤንዚኑን የሚይዘው ጎሚኒ ሳይሆን ቡሽ ነው። ስትስበው የሚከፈት፣ ስትገፋው የሚዘጋ ዘንግ አላት። ዘንጉ ላይ የቡሽ ቀለበት አለ። ቡሹ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ካልኖረ ይደርቅና ይኮማተራል። ከዚያ ታንጠባጥባለች።»

ፌስታሌን ዘረገፍኩለት። አንዱን ጥቁር ጎሚኒ አንስቶ በጥርሱ ነከሰና መለሰልኝ።

«ይሄ ለውሃ ነው። የዛሬ ቤንዚን ላስቲክ አይወድም። አልኮል አለበት ይላሉ፣ ላምባ ይደባልቁበታል ይላሉ፤ ምን እንዳለበት እኔ አላውቅም። የማውቀው ጥቁሩን ሲያሳብጠው ነው።»

ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ፈልጎ ሁለት ቡናማ የላስቲክ ቀለበት አመጣ፤ ቤንዚን እንዲችሉ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ከተበላሸ የውጭ ፓምፕ ላይ ፈትቶ ያስቀመጣቸው ናቸው። ሁለቱም ልክክ ይላሉ ብሎ ማለልኝ። ሒሳብ ስጠይቀው፣ «ከሠራ ደውልልኝ» አለኝ።

ወለጋ ምን ትሠራ ነበር አልኩት፤ ወሬ ለመቀጠል ያህል ነበር።

«የራሴ የቡና መፈልፈያ ነበረኝ» አለ። «እዚያው ቀረ። ማን እንደሚያስነሳው እንጃ።»

ይህን ሲል እጁ ሥራውን አላቋረጠም። እኔ ግን የማልፈልገውን ካቻቪቴ አንስቼ አገላበጥኩ።

ሦስተኛው ቀን፦ አንኮበር

ሚኒባሱ ውስጥ ከእኛ ጋር ሁለት በጎች ነበሩ። ድሬዳዋ ፍየል በባጃጅ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ግን ፍየሉ እግር ሥር ነው የሚቀመጠው። እዚህ አንዱ በግ ወንበር ይዟል። ከፊቱ የተቀመጡ አባት፣ «ሙቀት ይሰጣል፣ ተጠጋው» አሉኝ። ተጠጋሁት። በጉ አልተቃወመም። ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር ስለ አገሩ ውበት የምለው የለኝም፤ የበጉን ጆሮ ግን በደንብ አይቻለሁ።

መሪጌታ ክንፈ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ነጭ ጥምጥም፣ ቀጥ ያለ ቁመት፣ እጃቸው ላይ መቋሚያ። ገና ከመውረዴ በድሬ አንደበት «ደህና ነህ ወይ መሪጌታ» አልኳቸው። እኛ አገር ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው፤ ማንም አይቀየምም። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ። መሪጌታ ግን ፈገግ አሉ።

«የሰይድ ልጅ ለመሆንህ ምስክር አያስፈልግም» አሉ። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ለማለት ብዙ ታገልኩ፤ አንዳንዴ ይሳካልኛል።

ባለቤታቸው እማማ አስካለ ከምግብ በፊት አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳህንና ኩባያ አውጥተው አጠቡ። «የአባትህ ነው» አሉኝ። ያኔ አባቴ ሲመጣ የሚበላበት ዕቃ ለብቻው ተቀምጦ ኖሯል፤ ከአባቴ በኋላም ሙስሊም እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የሚወርደው። ጾም ስለነበር የሥጋው ነገር አላስቸገረንም፤ የገብስ እንጀራ በሽሮና በጎመን በላሁ። የአባቴን ሳህን ይዤ ተቀምጬ አልቅስ አልቅስ አለኝ፤ ሽሮው ቃሪያ ስለበዛበት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወደ ሞተሯ ገባን። ከጓዳው ቀጥሎ ባለ ክፍል ቆማ፣ ጥሩ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ለብሳለች። መሪጌታ ብርድ ልብሱን ገልጠው አጣጥፈው አስቀመጡት። ጥቁር ሞተር ናት፤ የቤንዚን ታንከሯ ያብረቀርቃል፣ ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀዋል ግን ነፋስ ይዘዋል። ከቤንዚን መክፈቻዋ ሥር የቲማቲም ቆርቆሮ ተቀምጧል። ጠብ ሲል ይሰማል። አዳመጥን። ጠብ።

«በየማታው አጠራቅሜ መልሼ እሞላዋለሁ» አሉ መሪጌታ።

ቡሹ እንዳይደርቅ ታንከሯ ባዶ መሆን እንደሌለበት አባቴ ድሮ ነግሯቸው ነበር። ስለዚህ እነዚህን ዓመታት ሁሉ ታንከሯ ውስጥ ቤንዚን ጠፍቶ አያውቅም። አንኮበር ደግሞ የቤንዚን ማደያ የለም። ሚኒባስም ጀሪካን አልጭንም ሲላቸው የጎረቤት በቅሎ ተውሰው ደብረ ብርሃን ሄደው፣ አድረው፣ ይዘው ይመለሳሉ። አልፎ አልፎ ሞተሯን ያስነሷታል፤ ትንሽ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ ያጠፏታል።

«ነድተዋት ያውቃሉ?» አልኩ።

«በሰው ዕቃ?» አሉኝ፤ እንደሰደብኳቸው ያህል።

እማማ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ደብሩ ከዚያ ማዶ ነው» አሉኝ። «ዳገቱን ወጥቶ፣ ገደሉን ዞሮ። ከሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ይሄዳሉ። ጉልበታቸው አለቀ።»

«አስካለ» አሉ መሪጌታ። ወሬው በዚያ ተዘጋ።

ባለንብረቱ ያልፈቀደውን አደራ መጠቀም ከሌብነት አይለይም ብለው ያምናሉ፤ አንኮበር ላይ ይህን የሚከራከር ሰው አላገኘሁም። ቤንዚን በበቅሎ አምጥቶ ለማትነዳ ሞተር ማጠጣት እኔ ባለሁበት አገር ሰው ሐኪም ዘንድ የሚያስወስድ ነገር ነው። ያን ማታ ብርድ ልብስ ሲጎድለኝ ግን የሞተሯን ብርድ ልብስ አምጥተው አለበሱኝ። ቤንዚን ይሸታል። በጣም ይሞቃል።

አራተኛው ቀን፦ የብርጭቆ ምርመራ

ጠዋት መክፈቻዋን ፈታሁት። ደረጀ እንዳለው ነው፤ ትንሽ የናስ ዘንግ፣ በዘንጓ ላይ የጠቆረ የቡሽ ቀለበት። ቡሹ ከመኮማተሩ የተነሣ በዘንጉ ዙሪያ ይሽከረከራል። ፌስታሌን አወጣሁ።

«ይህን አስገብቼ እንገላገል» አልኩ።

መሪጌታ ጥቁሩን ጎሚኒ ተቀብለው አዩት። «ሰይድ የሰጠኝ ቡሽ ነው» አሉ። «የምመልሰውም ቡሽ ነው።»

«መሪጌታ፣ ላስቲክ ይሻላል።»

«ይሻል ይሆናል። አደራ ሲመለስ ተሻሽሎ አይመለስም።»

ምርመራ እናድርግ አልኳቸው። የሚቀየር ነገር ካለ በዓይናቸው አይተው ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። ሁለት ብርጭቆ ቤንዚን ቀዳን። በአንዱ የእኔን ጥቁር ጎሚኒ፣ በሌላው የደረጀን ቡናማ ቀለበት ከተትኩ። እስከዚያው ቡሹን በፈላ ውሃ ውስጥ ነከርነው፤ ሙቅ ውሃ ቡሽ ያሳብጣል፤ ይህን መሪጌታም ያውቃሉ። በእርግጥም አብጦ ወጣ። ገጠምኩት። መንጠባጠቡ ቆመ። መሪጌታ የቲማቲሙን ቆርቆሮ አንሥተው በደስታ ወደ ውጭ ወረወሩት።

ከሰዓት በኋላ አሊዩ አምባ ልወርድ ነበር፤ የአባቴን አገር አይቼው አላውቅም። ጉሙ ግን መንገዱን ስላልለቀቀው ሰው ሁሉ አትውረድ አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ያለው ነጭ ነገር ነው። አባቴ ስለ አገሩ ሲያወራ ሁልጊዜ ስለ ሙቀቱ ነው የሚያወራው፤ አሁን ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ከዚህ ብርድ ወርዶ ወደዚያ ሙቀት ይገባ ነበርና።

አይሱዙ የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ ጓደኛዬም ደወለ። ደብረ ብርሃን መጥቶ ብርድ ልብስ ጭኖ በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ ይመለሳል፤ ሞተሯንም ሊወስድልኝ ተስማምተናል። «ታንጠባጥባለች?» አለኝ።

«አታንጠባጥብም።»

«አብዱ፣ ብርድ ልብስ ነው የጫንኩት። አንድ ጠብታ ካየሁ አልነካትም።»

ማታ ላይ ወደ ክፍሉ ስንገባ፣ ጠብ። መሪጌታ ባትሪ ይዘው ወጥተው ቆርቆሯቸውን ፈለጉ፤ ጉም ውስጥ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ቡሹ ውሃው ወጥቶለት ወደ ቀድሞው ተመልሷል።

ብርጭቆዎቹ ደግሞ እንዲህ ሆኑ። የእኔ ጥቁር ጎሚኒ አብጦ፣ ለስልሶ፣ ሲነኩት ጣት የሚያጠቁር ነገር ሆኗል። መሪጌታ በእንጨት አንሥተው ብርሃን ላይ ያዙት።

«ይኸው የሚሻለው» አሉ።

አምስት ኪሎ የሚያህል ጎሚኒ ከድሬዳዋ ተሸክሜ መጥቻለሁ። የደረጀ ቡናማ ቀለበት ግን እንደገባ ወጣ፤ አላበጠም፣ አልለሰለሰም። ከሁለቱ አንደኛው ለመክፈቻው ሰፊ ነበር፤ ሌላው ልክ ገባ። ደረጀ ከማለው መሐላ ግማሹ ልክ ነው።

«ይህን አልጠላሁትም» አሉ መሪጌታ። «ግን ያንተም አይደለም ለመቀየር፣ የእኔም አይደለም ለመፍቀድ።»

እማማ አስካለ ብርጭቆዎቻቸው ቤንዚን እንደሸተቱ ሊቀሩ እንደሆነ አስታወሱን። ሦስቴ አጠቧቸው። አራተኛውን እኔ አጠብኩ።

አምስተኛው ቀን፦ ባለንብረቱ

ጠዋት መሪጌታ ከደብር እስኪመለሱ ጠበቅኩ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ዳገቱን ወርደው መጡ፤ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይደገፋሉ። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ድምፅ አሰማ። እሳቸው ያልሰማሁ መስሏቸው ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ከዚያ ቁርጡን ነገርኳቸው። መኪናው ዛሬ ይነሣል። ቡሹ አይይዝም። አዲስ ቡሽ ከጠርሙስ ክዳን ልቁረጥ ብል እንኳ በዚህ ሰዓት አንኮበር የቡሽ ክዳን ከየት ይመጣል። ወይ ቡናማው ቀለበት ይገባል፣ ወይ ሞተሯ እዚሁ ትቀራለች።

መሪጌታ ብዙ አሰቡ። እጃቸው ቆርቆሮው ላይ ነበር።

«ባለንብረቱ ከፈቀደ» አሉ በመጨረሻ። «ሰይድ በአፉ ከፈቀደ፣ አስገባ። ካልፈቀደ ግን እስክሞት ድረስ ቆርቆሮ እደቅናለሁ።»

አባቴን ላስደስት ያሰብኩት ነገር በዚህ አለቀ። ቅር አለኝ፤ ግን መደወል ነበረብኝ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ እንጨት አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። ያነሣችው ፋጡማ ናት። የአባቴ ጆሮ ስለደከመ የምንለውን ለእሱ በጆሮው የምትደግመው እሷ ናት።

«አባባ፣ አብዱ ነኝ። አንኮበር ነኝ፤ መሪጌታ ክንፈ ቤት።»

ፋጡማ ጮኻ ደገመችለት። «አንኮበር?» አለ አባቴ። «ደብረ ብርሃን አላልክም?»

«ዋሽቼህ ነው። ሞተሯን ላመጣልህ ነው የመጣሁት። የቤንዚን መክፈቻዋ ታንጠባጥባለች። ቡሹን አውጥቼ ላስቲክ ላስገባ? አንተ ካልፈቀድክ መሪጌታ አይሆንም ብለዋል።»

ፋጡማ ሁለት ጊዜ ስትደግም ሰማን።

«የማን ሞተር?» አለ አባቴ።

«ያንተ። እዚህ ያቆምካት።»

«እኔ ምን ሞተር አለኝ? የክንፈ ናት እንጂ።» ድምፁ ወደ ስልኩ ቀረበ። «ለእሱ ሰጥቼው ነው የሄድኩት። ደብሩ ሩቅ ነው፣ በእግሩ ይንከራተታል ብዬ። መንዳቱንም እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ አሊዩ አምባ ገበያው ሜዳ ላይ። በየበዓሉ ሞተሯስ እንዴት ናት እለዋለሁ፤ ደህና ናት ይለኛል። ምን ሊያደርግ ነው እኔን የሚያስፈቅደኝ?»

እማማ አስካለ የያዙትን ሳፋ አስቀመጡት። መሪጌታን አዩአቸው። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጓዳ ገቡ።

እኔ አፈርኩ። ማንን እንዳፈርኩ ግን አላውቅም። አባቴ በየበዓሉ የወዳጁን ሞተር ደህንነት ጠይቋል፤ መሪጌታ በየበዓሉ ባለንብረቱ አደራውን ሲቆጣጠር ሰምተዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ በቅሎ ተውሰዋል። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው። ይህ ነው ያሳዘነኝ።

«ክንፈ እዚያ አለ?» አለ አባቴ። «ስጠው።»

መሪጌታ ስልኩን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«አለሁ ሰይድ።»

«ትነዳታለህ ወይ በይው!» አለ አባቴ ለፋጡማ፤ እሳቸው እንደሚሰሙት ረስቶ።

መሪጌታ ወደ ሞተሯ አዩ። ብርድ ልብሷ ተጣጥፎ ከጎኗ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ አንድ ጠብታ ወደቀ።

«እንዴታ» አሉ። «ደብር የምመላለሰው በእሷ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሰይድ። ጉልበቴን አተረፍክልኝ።»

«ዳገቱ ላይ ማርሽ መቀየር እንዳትረሳ። ድሮ ትረሳ ነበር።»

«አሁን አልረሳም።»

አባቴ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል። ከዚያ ስለ እግሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ በሕይወት ስላሉና ስለሞቱ ሰዎች ብዙ አወሩ። ስልኩ ሲዘጋ መሪጌታ በእጃቸው እንደያዙት ቆዩ። በዕድሜያቸው አንድ ቡሽ ያለፈቃድ ያልነኩ ሰው ናቸው፤ እኔ ባለሁበት፣ ባለቤታቸው በሚሰሙበት፣ ዓይናቸውን ሳያሹ ዋሹ።

«ያንን ቀለበት አስገባው» አሉኝ።

አስገባሁት። ዘንጉን ገፋሁ፤ ዝም አለ። ሳብኩ፤ ቤንዚኑ ወረደ። ገፋሁ፤ ዝም አለ። ቆርቆሮው ላይ ቆመን ብዙ ጠበቅን፤ አልወደቀም። ለአይሱዙው ሹፌር ደውዬ ያለ እኔ ጭነት እንዲሄድ ነገርኩት። ለደረጀም ደወልኩ፤ «የትኛው ገባ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ዞር ስል መሪጌታ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አጥብቀው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አድርሰኝ» አሉ።

«ወዴት?»

«ወደ ደብር። የተናገርኩት ውሸት ሆኖ አይደር።»

ሞተሯ በሁለተኛው ምት ተነሣች። እማማ አስካለ ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። መሪጌታ ከኋላዬ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፤ በአንድ እጃቸው የጎረቤቴን ጃኬት ጨበጡ። ጎማዎቹ ስለሚያሰጉኝ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት። ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀየርኩ። ገደሉን ዞርን። ጉሙ ገለል ብሎ ነበርና ከገደሉ በታች ያለው ሜዳ ታየ፤ መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሁለት ቄሶች ቆመው እስክናልፍ አዩን፣ አንደኛው ሰላምታ መስጠቱን ረሳው። ወሬ ልጀምር ስል የደብሩ ዛፎች ደረሱ።

አቆምኩ። መሪጌታ ቀስ ብለው ወረዱ። በሩን ሳይሳለሙ ዞረው የመጣንበትን መንገድ አዩ። ቤታቸው ከማዶ ይታያል፤ እማማ አስካለ ገና በሩ ላይ ናቸው።

«እንዲህ ቅርብ ነው እንዴ?» አሉ።